የጅማ በርጩማ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት

ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ሚስማርም ኮላም የለበትም፤ የሚላቀቅ መገጣጠሚያ ስለሌለው ጉዳት የሚመጣበት ከእንጨቱ ብቻ ነው። ገዢ ግን የሚያየው ቫርኒሹንና የዳሩን ጌጥ ነው። ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ ላይም ሆነ መንገድ ዳር ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ገልብጡት። ከስሩ የመሮ ምልክት ብታዩ እንከን አይደለም። ቫርኒሽ ስላልነካው የእንጨቱ እውነተኛ መልክ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከመቀመጫው ስር የዛፉ ቀለበቶች ክብ ክብ ሆነው ከታዩ፣ በርጩማው የተፈለፈለው ግንዱ በቁሙ ተይዞ ነው። እግሮቹ የግንዱን ቁመት ተከትለው ስለሚወርዱ ጠንካራ ናቸው፤ የሚያሰጋው መቀመጫው ነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከእምብርቱ ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሀል ላይ ካረፈ ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ቀለበት ሳይታይ መስመሮቹ መቀመጫውን አቋርጠው ከተጋደሙ ነገሩ ይገለበጣል፦ መቀመጫው ብዙም አያሰጋም፣ እግሮቹ ግን መስመሩን አግድም ስለሚቆርጡ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኙበት አንገት ላይ ቀንጠስ ይላሉ። እንዲህ ዓይነቱን ከመረጣችሁ አንገቱ ከሦስት ጣት አይቅጠን።

ቀጥሎ ክብደቱ። ደረቅ ዋንዛ ለመጠኑ ቀለል ያለ እንጨት ነው። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት የዋንዛ በርጩማዎች አንዱ በጣም ከከበደ፣ ስትነኩት ከቀዘቀዘና ስታንኳኩት ድምፁ ከታፈነ ገና እርጥብ ነው። እንጨት አየር ላይ ሲደርቅ በጥቅሉ ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል ይባላል፤ ሙሉ ጉማጅ እስኪደርቅ የሚጠብቅ የለም። ጥሩ ባለሙያ እርጥቡን አወፍሮ ይቀርጽና ጥላ ውስጥ ካቆየው በኋላ ነው የሚያሳሳው። የቸኮለው ፀሐይ ላይ ያሰጣውና የተሰነጠቀውን በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ ቫርኒሽ ይቀባዋል። የተደፈነ ቦታ በጥፍር ሲጫር ይለያል፤ የእንጨቱም መስመር እዚያ ላይ ድንገት ይቋረጣል። ነጣ ያለውን የግንዱን ዳርም ተመልከቱ፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብሶችና የላመ ዱቄት ካያችሁ በቅናሽም ቢሆን አትውሰዱት፣ ቤት ያለውን ዕቃ ያስበላል።

ሦስት እግር ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ የዚህ በርጩማ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። መገልበጥ ግን ይችላል። እግሮቹ እኩል ከተራራቁ፣ ከመሀል እስከ አንድ እግር ያለው ርቀት በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው መስመር ሲሆን በግማሽ ያጥራል። ሁለት እግሮች መሀል ባለው ዳር ላይ በእጃችሁ ጫን በሉት፤ ቶሎ ከተነሣ የእግሮቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ጫፎቹ ቢያንስ ከመቀመጫው ጠርዝ ትይዩ መድረስ አለባቸው። ቡና ለምትቀዳ ሰው ደግሞ አንዱን እግር ወደ ረከቦቱ አዙሩላት፤ ጎንበስ ስትል የሚደግፋት እሱ ነው። ብዙ ቤት ተቃራኒው ይደረግና ጥፋቱ በበርጩማው ይሳበባል።

ዋጋውን የሚያንረው የዳሩ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ለዕለት መቀመጫ ከሆነ ጌጡ ይቅርና በዚያው ብር መቀመጫው ወፈር ያለ ይፈለግ፤ ጎድጓዳው መሀል ላይ ከ2 ሴንቲሜትር የሳሳ ለሕፃን እንጂ ለአዋቂ አይሆንም።

ቤት ከገባ በኋላ የሚረሳው የእግሩ ጫፍ ነው። ወለል በታጠበ ቁጥር ውኃ የሚመጠጠው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ የቀለጠ ሰም ሁለት ሦስት ጊዜ አጠጡትና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ከጅማ እርጥበት ወጥቶ ድሬዳዋን ወደመሰለ ደረቅ ቦታ የሚሄድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ ይራቅ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትወጣም በስቱኮ አትድፈኗት። በበጋ የተደፈነች ስንጥቅ ክረምት ላይ እንጨቱ ሲያብጥ የምትዘጋበት ቦታ ታጣለች፤ ስቱኮው ተገፍቶ ይወጣል ወይም ስንጥቋን ያሰፋታል።