የአባዬን ዋንዛ የበዓል ሳህን ላደረጉልን ሰው ምስጋና (እንጨት ለማሰራት የምታስቡ ሳታነቡ እንዳታልፉ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ያንቀኛል። ኮልፌ ውስጥ እንጨት በቶርኖ (እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን) የሚሰሩ፣ በዛ ላይ ኢፖክሲ (ፈሶ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚሆን ሙጫ) የሚያፈሱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ እና እሳቸውን ካላመሰገንኩ ማንን ላመሰግን ነው። ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

ፒያሳ የወላጆቼ ግቢ ውስጥ አንድ ዋንዛ ነበር። አባዬ ነው የተከለው፣ ታላቅ ወንድሜ በተወለደ ዓመት። ዋንዛ ያለበት ግቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ነጭ አበባው ሲረግፍ መሬቱ አይታይም፣ ንቡ አያስቀምጥም፣ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲበስል ይጣፍጣል ግን እንደ ሙጫ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ እኛ እንደውም የተቀደደ ደብተር በሱ ነበር የምንለጥፈው፣ ከዛ ጉንዳን ደብተሩን ይወረዋል፣ አስተማሪ ይቆጣል፣ እማዬ ደግሞ ቤት ስንደርስ ትደግመናለች። ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አንዱ ጫፍ እዛ ዛፍ ላይ ነበር። የእህቴ ሰርግ ድንኳን እዛው ስር ተጣለ፣ አባዬ ያረፈ ጊዜም ለቀስተኛው የተቀመጠው እዛው ስር ነው።

በ2016 ሰፈራችን ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቆርቆሮና በር ሲያወርድ ወንድሜ ዛፉ ስር ቆሞ ቀረ። ኋላ ቼይንሶ ያለው ልጅ ለምኖ ከግንዱ ሁለት ጉማጅ አስቆረጠና ከእቃው ጋር አይሱዙ ላይ ጫነው። ሹፌሩ "ማገዶም ይዛችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት?" ሲል ሊጣላው ነበር፣ እኛ ነን የያዝነው።

እኔ ያሰብኩት ለእማዬ ለበዓል የሚሆን ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ማሰራት ነው፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ የሚቀርብበት፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ የሚሞላበት፣ ጠርዙ ዙሪያውን ደግሞ አደይ አበባ ኢፖክሲ ውስጥ ቁጭ ያለበት። ቲክቶክ ላይ የውጭ ሰዎች ቅጠልና አበባ እየከተቱ ሲሰሩ አይቼ፣ እነሱ በነሱ አበባ ከሰሩ እኛ በአደይ ለምን አንሰራም ብዬ ነው።

እስቲ መጀመሪያ መራራውን ልትፋው። አንዱን ጉማጅ የቤት እቃ የሚሰሩበት ቦታ ወሰድኩት፣ ስም አልጠራም፣ ስማቸውን ብጠራ ደስ ይለኝ ነበር ግን ይቅር። ቀብድ ተቀበሉኝ፣ በሁለት ሳምንት ውሰጂ አሉኝ። ከዛ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ነገ ነይ፣ ማክሰኞ ነይ፣ መብራት ጠፍቶ ነው፣ ልጁ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነው፣ ምላጩ ተሰብሮ ነው። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት አቆሙ። በአካል ስሄድ ጉማጁ የለም። ለካ ለሌላ ደንበኛ የወንበር እግር አድርገውታል! ሰውየው ደግሞ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "እህቴ፣ እንጨት እንጨት ነው፣ ሌላ ዋንዛ እንሰጥሻለን፣ እንደውም ከሱ የተሻለ።" እዛው በሩ ላይ እንባዬ መጣ፣ እሱ ግን ስልኩን እየነካካ ነበር። ቀብዱም እስከዛሬ አልተመለሰም። ያ እንጨት ገና እርጥብ እንደነበር ቆይቼ ነው የሰማሁት፣ ወንበሩን የገዛው ሰው አሁን በምን ላይ እንደሚቀመጥ እግዜር ይወቅለት። ለእማዬ ይሄን አልነገርኳትም፣ ጽሁፉን የሚያነብላት ሰው ካለ እዚህ ጋ ይዝለልላት።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ሾውሩማቸው ብቻውን ያስፈራል፣ ቡና ጋብዘው ነው የሚያናግሩህ፣ ግድግዳው በሙሉ መሃሉ ሰማያዊ ወንዝ የሚፈስበት ጠረጴዛ ነው። አደይ አበባ ስላቸው ሳቁ። "አሁን ፋሽኑ ሰማያዊ ነው" አሉኝ። እሺ እናይልሻለን ብለው ተቀበሉኝና የቀረችኝን አንድ ጉማጅ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥለዋት ከዳሯ እስከ መሃሏ ተሰነጠቀች። በዛው ሰሞን፣ ሐምሌ ላይ፣ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለ ጊዜ "ኢፖክሲው ከውጭ ነው የሚመጣው" ብለው ዋጋውን እጥፍ አደረጉት፣ ዶላር መጨመሩን እኔም አውቃለሁ ግን የኢፖክሲው ቆርቆሮ እኮ የተገዛው ቀደም ብሎ ነው፣ መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ። ስንጥቁን ስጠይቃቸው ጥፋቱ የእንጨቱ ሆነ። ተሸክሜያት ወጣሁ። ቤት አምጥቼ አልጋ ስር ከተትኳትና በቃ እዛው ትኑር አልኩ።

ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው "አልጋዬን በቶርኖ የሰሩልኝ ሽማግሌ አሉ፣ እስቲ ለሳቸው አሳዪያቸው" ያሉኝ። ተመስገን ሰማኋቸው።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሾውሩም የሚባል ነገር የለም፣ ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ጥግ ላይ ሬዲዮ ይንጫጫል። ጋሼ (ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚላቸው) እንጨቷን ከእጄ ተቀብለው ዋጋ ምናምን አላሉም። አገላበጧት፣ ጫፏን አሸተቱ፣ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ከዛ ከጣሪያው በተንጠለጠለች ሚዛን መዘኗትና ኪሎውንና ቀኑን በእርሳስ እንጨቷ ላይ ጻፉ። እኔ ስንጥቁን ሊያዩብኝ ነው ብዬ ስሳቀቅ እሳቸው "ስንጥቁ ምንም አይደል፣ አበባሽ የሚገባበት ቦታ አገኘን ማለት ነው" አሉ። ቀጥለው "ልጄ፣ ይሄ ገና ውሃውን አልጨረሰም። አሁን ብሰራልሽ ለበዓሉ ያምራል፣ ከበዓሉ በኋላ ይጣመምብሻል።" ስንት ቦታ ዞሬ ይሄን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም! ቀብድ ላውጣ ስል "ያልጀመርኩትን ስራ ብር ምን አደርገዋለሁ" ብለው ቦርሳዬን አዘጉኝ። እኔ ደግሞ ቀብድ የማይቀበል ሰው አይቼ ስለማላውቅ ደንግጬ ነው የወጣሁት፣ እውነቴን ነው፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እንጨቷን በነጻ የተውኳት መሰለኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ደወሉልኝ፣ እሳቸው ራሳቸው! እኔ ባለሙያ ደውሎልኝ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የምደውለው። "ልጄ፣ እንጨቱን ስከፍተው ውስጡ ሚስማር አገኘሁ። ትልቅ የድሮ ሚስማር ነው፣ ሰው አስቦ የመታው ነው የሚመስለው። ልጣለው ወይስ ትፈልጊዋለሽ?" የገመዱ ሚስማር ነው። አባዬ የልብስ ገመዱን ያሰረበት፣ ዛፉ እያደገ እያደገ የዋጠው፣ ሁላችንም ረስተነው የነበረ። መናገር አቃተኝ። ዝም ስል ገባቸው መሰለኝ "በቃ፣ በቃ፣ አስቀምጥልሻለሁ" ብለው ስልኩን ራሳቸው ዘጉልኝ። ሚስማሩ የመጋዛቸውን ምላጭ ጥርስ እንዳረገፈ በኋላ ያወቅኩት እሳቸው ጋ ከሚሰራው ልጅ ነው፣ እሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም፣ ሂሳብ ላይም የለም። እስቲ አስቡት፣ አንዱ ሙሉ ጉማጅ ሳይጠይቀኝ ወንበር ያደርጋል፣ ሌላው ለአንድ የዛገ ሚስማር ደውሎ ይጠይቃል።

ከዛ ሳህኑን መጀመሪያ ወፈር አድርገው በሻካራው ቀርጸው፣ በራሱ ፍቅፋቂ ሞልተው ጆንያ ውስጥ አስቀመጡት፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ነው አሉ። በሄድኩ ቁጥር ከጆንያው አውጥተው ይመዝኑታል፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ቁጥሩ ከላይ ወደታች ተደርድሮ፣ ኪሎው እያነሰ እያነሰ፣ መጨረሻ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ሲደጋገም "አሁን ጨረሰ" አሉ። እስከዛ ድረስ አንድ በዓል ሁለት በዓል አለፈ፣ እኔ አላጉረመረምኩም ብል ውሸት ነው፣ ገና ደረሰ እኮ ጋሼ፣ ፋሲካ ደረሰ እኮ ጋሼ እላለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ።

አበባውን ራስሽ ልቀሚ አሉኝ፣ አደይ ወቅቱ ካለፈ ስለማይገኝ ቀድመው ነው ያስጠነቀቁኝ። ከልጆቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን ለቀምን። "ትኩሱን ከከተትነው ውስጡ ይጠቁራል፣ አድርቀሽ አምጪ" ስላሉኝ በአባዬ ወፍራም መዝገበ ቃላት መሃል እየደረደርን አደረቅነው፣ ልጆቼ በየቀኑ እየገለጡ ሲያዩ ግማሹ ፊደል "ሀ" ላይ ግማሹ "ጸ" ላይ ተበታትኖ ነበር የተገኘው።

የኢፖክሲውን ነገር እኔን አትጠይቁኝ። ሁለት ፈሳሽ በሚዛን ይቀላቅላሉ፣ በአንዴ ብዙ አያፈሱም ምክንያቱም ይግላል አሉ፣ ለምን እንደሚግል አልገባኝም። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ቦይ አወጡለት፣ አበባውን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ አስገቡ፣ ስንጥቁ ውስጥም አስገቡ፣ አፈሰሱበት፣ ከቀናት በኋላ እንደገና ቶርኖው ላይ ጫኑት። የዛን ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ከቶርኖው ሲወርድ ኢፖክሲው ጭጋግ ለብሶ፣ አበባው ጭራሽ አይታይም፣ ልቤ ወረደ፣ ይሄም ተበላሸ አልኩ በሆዴ። እሳቸው ምንም አይሉም፣ የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየቀያየሩ፣ ውሃ እየነካኩ ይፈትጋሉ፣ ይፈትጋሉ፣ ይፈትጋሉ። መጨረሻ ላይ በጨርቅ የተልባ ዘይት ነክረው አንዴ ዙሪያውን ሲያስኬዱት ዋንዛው ቀላ ብሎ ወጣ፣ ቢጫው ቦግ አለ። የሚሰራው ልጅ ራሱ ማሽኑን አጥፍቶ መጣ ለማየት። የተልባ ዘይት ለእንጨት እንደሚሆን እኔ የት አውቄ፣ ተልባ ለጨጓራ ይመስለኝ ነበር።

ሚስማሩስ? ሳህኑን ስትገለብጡት ከስሩ መሃል ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አውጥተው እዛ ውስጥ አስተኝተውታል፣ ከነዝገቱ፣ ከነጉብጠቱ፣ ኢፖክሲ አልብሰውት። እኔ አላዘዝኳቸውም።

ለ2018 እንቁጣጣሽ ለእማዬ ሰጠናት። ፊቱን ብዙም አላየችውም፣ ልማዷ ነው፣ እቃ ስትቀበል መጀመሪያ ገልብጣ ነው የምታየው። በጣቷ ሚስማሩን ዳሰስ አድርጋ "ይሄ የገመዱ አይደለም እንዴ?" አለች። ሌላ ማንም ሳይነግራት! አልቅሳ አስለቀሰችን፣ ከዛ ደግሞ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳህኑን እየገለበጠች ስታሳይ ፈንዲሻው ምንጣፍ ላይ ይፈሳል፣ እኛ ነን የምንጠርገው።

ያስጠነቀቁኝን ልንገራችሁ፣ ለሚያሰራ ይጠቅማል። የሚፋጅ ወጥ አይደረግበትም፣ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ፍራፍሬ ይበቃዋል። ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ደብዘዝ ሲል ዘይት ይቀባል። ዘይቷንም በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ሰጥተውኛል፣ ይሄንንም አላስከፈሉኝም።

ዋጋው ቀብዴን የበሉት ሰዎች ከጠሩልኝ ያነሰ ነው፣ ይሄን ሁሉ ወር ጠብቀውልኝ፣ ምላጫቸው ተሰብሮ። ጨመር አድርጌ ቴሌብር ስልክላቸው ደውለው ተቆጡኝ፣ "ለልጁ ስጪው፣ አበባውን ሲደረድር ያመሸው እሱ ነው" አሉ። ልጁ ደግሞ "ጋሼ ናቸው የደረደሩት" አለኝ። እንዲህ አይነት ቤት ነው። እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጃቸው አይንቀጥቀጥ፣ ዓይናቸው አይድከም።

እባካችሁ የቤተሰብ እንጨት ያላችሁ፣ የተሰነጠቀ ገበታ፣ የአያት በርጩማ፣ የፈረሰ ቤት በር፣ ለማገዶ ከመስጠታችሁ በፊት ለኚህ ሰው አሳዩአቸው። ሂዱ። በእውነት ሂዱ። ለገና የምትፈልጉ ግን እርጥብ እንጨት ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳታስቸኩሏቸው፣ አይቸኩሉም፣ የደረቀ ካላቸው ከራሳቸው ይሰሩላችኋል። ስማቸውን እዚህ ያላወጣሁት እሳቸው "ሰው ይበዛብኛል" ብለው ስለከለከሉኝ ነው፣ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ስጪ ብለው ፈቅደውልኛል። ዋጋ ስንት ነው ብላችሁ ግን እኔን አትጠይቁኝ፣ እንጨታችሁን ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፣ እኔም ደላላ አይደለሁም።