ሞኸር ወይስ ስሊቭ ሊግ? የአየርላንድን ገደል ለማየት ለምትመጡ

ወደ ደብሊን ብቅ የሚል ወዳጅ ሁሉ «የሞኸርን ገደል ልይ ወይስ የተሻለ አለ?» ይለኛል። የተሻለ አለ። መኪና መከራየት ለሚችል ሰው መልሴ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ በዶኒጎል አውራጃ የሚገኘው የስሊቭ ሊግ ገደል ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ሞኸር የሚያስከፍለው በነፍስ ወከፍ ሲሆን ሂሳቡ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ሰው በሚበዛበት እኩለ ቀን ለአንድ አዋቂ 15 ዩሮ ገደማ ይደርሳል፤ ማለዳውን ወይም አመሻሹን መርጦ በኢንተርኔት አስቀድሞ ለሚገዛ ይረክሳል። አራት ሆናችሁ በቀትር ብትደርሱ ገና ሻይ ሳትቀምሱ 60 ዩሮ ወጣ ማለት ነው። ስሊቭ ሊግ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው፣ ለ3 ሰዓት 5 ዩሮ ገደማ። መኪናው ውስጥ አምስት ሰው ቢኖርም ያው ነው። ወደ መመልከቻው ወደ ቡንግላስ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ለብቻው ይከፈላል፤ ጉልበት ያለው ግን ዳገቱን በእግሩ ይውጣው።

ከፍታውን ደግሞ ተመልከቱ፦ ሞኸር ቢበዛ 214 ሜትር፣ ስሊቭ ሊግ 600 ሜትር ያህል። ሞኸር ላይ ከድንጋይ አጥር ጀርባ ተሰልፋችሁ ነው የምታዩት። ቡንግላስ ላይ ግን ተራራው ከነሙሉ ቁመቱ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል፤ ማዕበሉ ከሥሩ ሲፈነዳ ታዩታላችሁ፣ ድምፁ የሚደርሳችሁ ዘግይቶ ነው። ጉም ከወረደ ግን ምንም አይታይም፤ የአየር ትንበያውን ሳታዩ አትነሱ።

መንገዱ ላይ እንድትጠነቀቁ አጥብቄ እለምናለሁ። ከደብሊን ወደ ስሊቭ ሊግ ስትነዱ የስልክ ካርታ በካቫንና በኤኒስኪለን በኩል ሊወስዳችሁ ይችላል። ያ መንገድ ሰሜን አየርላንድን ያቋርጣል፤ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ብሪታንያ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ ስለሌለ መሻገራችሁን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ የአየርላንድ ቪዛ ብቻውን እዚያ አያስገባም። በስላይጎና በቡንዶራን ዙሩ። ከጀርመን ወይም ከጣሊያን ለምትመጡም፦ የሸንገን ቪዛ አየርላንድ አያስገባም።

ሹራብ ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ወዳጄ በጎብኚ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ 90 ዩሮ ከፍላ የገዛችው «የአራን» ሹራብ (በአየርላንድ ምዕራብ ባሉት የአራን ደሴቶች ስም የሚጠራው ወፍራም ሹራብ) ከአንድ እጥበት በኋላ ብብቱ ላይ ተተረተረ። ልብስ ሰፊው ገልብጦ አሳየን፦ በማሽን ከተሠራ ጨርቅ ተቆርጦ በስስ ክር የተጠለፈ ነበር፤ የተቆረጠው ጠርዝ አንዴ ከተፈታ ስፌት አይዝለትም። በእጅ የተሠራ ሹራብ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ቢቀደድ ክሩ ዓይን በዓይን ተለቅሞ ይጠገናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እጅጌውን ገልብጡ፣ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሿን ምልክትም አንብቡ፤ «አክሪሊክ» (ሰው ሠራሽ ክር) ካለች መልሱት። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጥለት ነበረው የሚለው የሻጮች ወሬም ዋጋ ማስጨመሪያ ነው።

እኔ ብሆን ያንን ገንዘብ ከስሊቭ ሊግ ብዙም በማትርቀው በኪልካር አውለዋለሁ። እዚያ ዛሬም በእጅ የሚሸምኑ አሉ። መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲመላለስ ቆማችሁ ታያላችሁ፤ ዶኒጎል ቲዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ መለያ የሆኑት ባለ ቀለም ነጠብጣቦችም ከክሩ ጋር አብረው የተፈተሉ ናቸው። ሙሉ ኮት ውድ ነው፤ ስካርፍ ግን አቅም ይፈቅዳል።

መኪና ለሌለው ወይም አረጋዊ ወላጅ ይዞ ለመጣ ሞኸር ይሻለዋል፤ ከደብሊን የቀን ጉዞ አውቶቡስ አለ፣ መንገዱም የተነጠፈ ነው። ማደር ከቻላችሁ በአቅራቢያው ባለችው የዱሊን መንደር እደሩ፤ የአገሬው ሙዚቃ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ይጫወታል፣ ለማዳመጥ የሚከፈል የለም።