ባለ 6 ቀዳዳው ነጭ ኤክስቴንሽን ውስጡ ተከፍቶ ሲታይ

ደሴ ፒያሳም ሆነ አራዳ ብትዞሩ፣ ኮምቦልቻም ብትወርዱ፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በር ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ይኸው ነጭ ፕላስቲክ ኤክስቴንሽን ነው። 6 ቀዳዳ፣ አንድ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ 3 ወይም 5 ሜትር ገመድ። ጀርባው ላይ «10 አምፒር፣ 250 ቮልት፣ 2500 ዋት» የሚል ጽሑፍ አለው። ለስልክ ቻርጀር፣ ለቴሌቪዥንና ለላፕቶፕ ይበቃል፤ ግዙት። ካውያ ሲሰካበት ይጨነቃል። ለስቶቭና ለእንጀራ ምጣድ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው ብዙ ተከራይ ቤት ውስጥ ምጣዱ የሚሰካው እዚሁ ዕቃ ላይ ስለሆነ ነው።

ከጽሑፉ እንጀምር። 2500 ዋት የተገኘው 10 አምፒር በ250 ቮልት ተባዝቶ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ጽሑፉ እውነት ቢሆን እንኳ ዕቃው የሚችለው 2200 ዋት ነው። እውነት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ደግሞ ገመዱ ነው። ገመዱ ላይ «3×0.75» ተብሎ ከታተመ፣ ሦስት ሽቦ አለው፣ የእያንዳንዱም ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ ሽቦ ያለ ስጋት የሚሸከመው 6 አምፒር አካባቢ፣ ማለትም ወደ 1300 ዋት ነው። 10 አምፒር የሚፈልግ ሰው 1 ካሬ ሚሊ፣ 16 አምፒር የሚፈልግ 1.5፣ 20 አምፒር የሚፈልግ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በ0.75 ገመድ ላይ «2500 ዋት» መጻፍ ገዢን ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ምንም ያልታተመበት ገመድ ከሆነ ክሩ ይቆጠራል። ትክክለኛ 0.75 ሽቦ ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ውፍረት ያላቸው 24 ክሮች አሉት። 1.5 ከሆነ 0.25 ሚሊ የሆኑ 30 ክሮች፣ 2.5 ከሆነ 50 ክሮች። የላስቲኩ ውፍረት አያታልላችሁ፤ የእርሳስ ያህል ከወፈረ ገመድ ውስጥ 12 ክር ብቻ ሊወጣ ይችላል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከታየ ላዩን መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ ሁለት ጣጣ አለው። ደጋግሞ ሲታጠፍ ከመዳብ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ቪቴ ሥር ሲታሰር ደግሞ እየላላና ጥቀርሻ እየያዘ ይግላል።

ሱቅ ውስጥ «ወንድሜ፣ ክዳኑን ፈተን እንየው» ማለት ነውር የለውም። ጀርባው ላይ ያሉት ቪቴዎች በተራ ካቻቢቴ የሚፈቱ ናቸው፤ ሦስት ማዕዘን ራስ ካላቸው ግን አምራቹ እንዲከፈት አልፈለገም ማለት ነው፤ ሲበላሽም ለመጠገን ያስቸግራል። ሻጩ አይሆንም ካለ፣ ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና የስፒናውን እግር ንኩት። ናስ ማግኔት አይስበውም። ከተጣበቀ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ በክረምት የደሴ ጉም ቤት ውስጥ ሲገባና ወለሉ ሲረጥብ እንዲህ ያለው እግር በጥቂት ወራት ይዝጋል።

ሲከፈት የሚታየው እንዲህ ነው። በቁመት የተዘረጉ ስስ የናስ ዘንጎች አሉ፤ በየቀዳዳው ትይዩ ዘንጉ ተጣጥፎ የስፒናውን እግር የሚነክስ መንጋጋ ይሠራል። ጥሩው ዕቃ መንጋጋው ወፍራምና ምላሹ ጠንካራ ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል። መናኛው እንደተከፈተ ይቀራል። የዚህ ዕቃ ትልቁ ድክመት ያለው እዚህ ነው፤ ቀዳዳው «ሁሉን ይቀበላል» ተብሎ ስለተሠራ አጥብቆ የሚይዘው የለም። ወፍራሙ ስፒና እግሩ 4.8 ሚሊ ነው፣ ቀጭኑ 4 ሚሊ። ወፍራሙ አንዴ ያሰፋው ቀዳዳ ቀጭኑን ላላ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከላላ ደግሞ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ከዚያ ጥቀርሻ፣ ከዚያ ሙቀት።

ግራውንዱንም፣ ማለትም ያፈተለከ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ እዩ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ጭራሽ የሌለበት፣ ግን የግራውንድ ንክኪው ላዩ ላይ ለጌጥ የተቀመጠበት ኤክስቴንሽን በብዛት ይሸጣል። ፍሪጅ፣ ካውያ ወይም አካሉ ብረት የሆነ ማንኛውም ዕቃ በዚህ ላይ ተሰክቶ ውስጡ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) አካሉን ቢነካ፣ መውጫ የሚሆነው የሚነካው ሰው ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለውን ኤክስቴንሽን ቻርጀር ላይ እንጂ ሌላ ነገር ላይ አታውሉት። ሌላው ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ አብዛኛው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ የተቆረጠው ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሆኖ ፌዙ ቀዳዳው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቀይ መብራቱ ጠፋ ማለት ኃይል የለም ማለት አይደለም። ካርቶኑ ላይ ከመብረቅና ከኃይል መዋዠቅ ይከላከላል ካለም፣ ውስጡ በሁለት ሽቦዎች መካከል የተበየደ፣ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ቫሪስተር (ትርፍ ቮልቴጅ የሚውጥ ዕቃ) መኖር አለበት። ከሌለ የለውም።

አሁን ወደ ብልሽቱ። የሞተ ኤክስቴንሽን ለመጣል አትቸኩሉ፤ በአብዛኛው የሚበጠሰው ገመዱ ከስፒናው ወይም ከሳጥኑ በሚወጣበት የመጀመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሰው ገመዱን ይዞ ስለሚነቅል ክሮቹ እዚያ ቦታ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። መጀመሪያ ግን የግድግዳውን ሶኬት በሌላ ዕቃ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ሳጥኑ ጎን ላይ ተጭኖ የሚመለስ ጥቁር ቁልፍ ወይም ፊውዝ ካለው እዩት።

መልቲሜትር ካለ ሥራው አጭር ነው። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን «በርቷል» ላይ አድርጋችሁ፣ መልቲሜትሩን ጩኸት ላይ አዙሩት። አንዱን ጫፍ ስፒናው እግር ላይ፣ ሌላውን ቀዳዳው ውስጥ። የሚጮኸው መንገድ ደህና ነው፣ ዝም ያለው የተቆረጠው ነው። ዝም ባለው ላይ እንደያዛችሁ ገመዱን ከስፒናው ጀምሮ ጣት በጣት ወደ ውስጥ እያጠፋችሁ ግፉት፤ «ጢ… ጢ…» እያለ ሲቆራረጥ የተበጠሰው እዚያው ጣታችሁ ሥር ነው። ግራውንዱም በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። በፌዝና በኒውትራል መካከል ምንም ሳይሰካ ቢጮህ ሾርት ነውና በፍጹም መስመር ላይ አትሰኩት።

ቴስተር ካቻቢቴ (ፌዝ ሲነካ ውስጡ ያለችው መብራት የምትበራ) ብቻ ያለው ሰውም አይቸገርም። ኤክስቴንሽኑን ሰክታችሁ የአንዱን መሰኪያ ሁለት ቀዳዳ በቴስተሩ ሞክሩ። አንዱ ካበራ ፌዙ ደርሷል፤ ዕቃ ግን አልሠራ ካለ ኒውትራሉ ተቆርጧል። ለማረጋገጥ አምፖል ጎን ካለው ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ማብሪያውን አብሩና እንደገና ሞክሩ፦ ኒውትራሉ የተቆረጠ እንደሆነ ቴስተሩ በሁለቱም ቀዳዳ ያበራል፤ ፌዙ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሁለት ፌዝ ገባ» ብሎ ይደነግጣል። ከመጀመሪያውም በሁለቱም ካላበራ፣ ስፒናውን ገልብጣችሁ ሰኩት፤ አሁን አንዱ ካበራ የተቆረጠው ቀድሞ ፌዝ ይዞ የነበረው ሽቦ ነው። ቴስተር የሚነግረው ፌዝ መኖሩን እንጂ ደህንነትን አይደለምና፣ ከመፍታታችሁ በፊት ነቅላችሁ ስፒናውን ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡት።

ስፒና ሲቀየር የሚበላሸው እዚህ ግባ በማይባሉ ነገሮች ነው። የተበጠሰውን ብቻ ሳይሆን የጠቆረውን ሁሉ፣ መዳቡ ቀይና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ ቁረጡ፤ የጋለ ሽቦ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊያሳጥር ይችላል፣ አታዝኑለት። የውጪውን ላስቲክ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ግፈፉ፤ የውስጡን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ብቻ። ግራውንዱን ከሌሎቹ 1 ሳንቲ ሜትር አስረዝሙት፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚለቀው እሱ መሆን አለበት። ክሮቹን ጠምዝዛችሁ ቪቴው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ማለትም በሰዓት አዙሪት ጠምጥሟቸው፤ በተቃራኒው ከሆነ ቪቴው ሲጠብቅ ክሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ጫፉን በስታኞ (ለብየዳ በሚቀልጠው ቆርቆሮ) አታጠንክሩት፤ ለማየት ያምራል፣ ግን ስታኞ ቪቴ ሥር ሲጨመቅ ቀስ እያለ ስለሚሸሽ ከጥቂት ወራት በኋላ ይላላል። የገመዱ መያዣ ድልድይ መንከስ ያለበት የውጪውን ላስቲክ ነው፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ከነከሰ ሥራው ገና አላለቀም።

ገመዱ መሐሉ ላይ ከተቆረጠ በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል በየቤቱ የተለመደ ነው። በተለይ ምንጣፍ ሥር ለሚያልፍ ገመድ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ የሚያየውም የለም። እዚያው ቁረጡትና አጭር ኤክስቴንሽን አድርጉት። የሳጥኑ መንጋጋ ሲላላ በፒንሳ ቀስ ብሎ ጠበብ ማድረግ ይቻላል፤ ናሱ በሙቀት ቀለሙን ቀይሮ ወደ ሐምራዊ ከሄደ ግን ምላሹ ሞቷል፣ ሳጥኑ ይቀየር እንጂ አይጠገንም።

ምጣዱ ላይ ስንመጣ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፒር ይስባል። በ5 ሜትር የ0.75 ገመድ ሲሄድና ሲመለስ ተቃውሞው 0.26 ኦም ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ብቻ ወደ 66 ዋት ሙቀት ያወጣል። ስፒናው ጋ ንክኪው ላልቶ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ እዚያች አውራ ጣት የምታህል ቦታ ላይ ሌላ 26 ዋት ይፈጠራል፤ ይህ ራዲዮ ጠጋኞች ስታኞ ከሚያቀልጡበት ካውያ ብዙም አያንስም። ገመዱ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መሐል ይታፈናል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ብርድ ነውና ገመዱ ትንሽ ይበርድ ይሆናል፤ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ኮምቦልቻ በቀን ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህ ምሕረት የለም። ለምጣድ ከብሬከሩ በቀጥታ የመጣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦና በ20 አምፒር ብሬከር ይዘርጋ።

ለካውያ፣ ለስቶቭ አንድ ራስ ወይም ለትራፓኖና ለግራይንደር ከዚህ ነጭ ዕቃ ይልቅ አስገጣጥማችሁ መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን በግልጽ የሚበልጠው እሱ ነው። በሜትር የሚሸጠውን «3×1.5»፣ ብየዳ ቤት ወይም ጋራዥ ከሆነ «3×2.5» ገመድ፣ ባለ ቪቴ ስፒና፣ ወፍራም መንጋጋ ያለው ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሶኬት ሳጥን ጠይቁ። ከ5 ሜትር በላይ አያስፈልግም። ሳጥኑ በቪቴ የሚዘጋ ይሁን፣ ነገ ለማጥበቅ ትከፍቱታላችሁ።

የተጠገነም ሆነ አዲስ የተገጣጠመ ኤክስቴንሽን፣ ገመዱ 1 ካሬ ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ220 ቮልት 10 አምፒር በሚጠጋ ጭነት ይፈተን፤ የ0.75 ገመድ ግን ከ1300 ዋት በማይበልጥ ዕቃ ብቻ። 2000 ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ አፍሉ፣ 15 ደቂቃ ያህል። ከዚያ ማፍያውን አጥፉ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ ወዲያው የፕላስቲክ አካሉን፣ ቀጥሎም ገመዱን ስፒናው ሥር በመዳፋችሁ ያዙ። ለብ ካለ ደህና ነው። ለመያዝ ከፋጀ አንድ ቪቴ ላልቷል፤ ክፈቱና እንደገና እሰሩት።