ሆንዳ አኮርድ ከወራት በኋላ፦ የገዛሁት ለኋላ ወንበሩ ነው ብል ይሻላል

«ልጅ ካላችሁ ሴዳን ይቅርባችሁ፣ ከፍ ያለ መኪና ግዙ።» መኪና ስናማርጥ ይሄን ያላለን ሻጭ የለም። እኛ ግን ሃይብሪዱን (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራውን) አኮርድ ገዛን፣ ከ2023 ጀምሮ የወጣውን ሞዴል። ወራት ነድቼዋለሁ፤ ዛሬ ያ ሻጭ ቢመጣ የኋላውን በር ከፍቼ «ና፣ ግባና ተቀመጥ» ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን የምትቀመጠው ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ በልጅ ወንበር ነው። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። መኪና ከፊት ሲጋጭ ወደ ፊት የዞረ ሕፃን ጭንቅላቱ ይወረወራል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን የወንበሩ ጀርባ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ደግፎ ይይዘዋል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ፊት እናዙራት የሚል ወሬ እኛ ቤት አይነሳም።

ይሄ ወንበር ግን ቦታ ይበላል። ጋደም ብሎ ስለሚታሰር የፊተኛውን ወንበር ወደፊት ይገፋዋል። ባለቤቴ ደግሞ ረጅም ነው። እኔ ስነዳ እሱ ከጎኔ፣ ልጃችን ከኋላው ነው የሚቀመጡት። በሌላ መኪና ስንሞክረው ጉልበቱ ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፎ ነበር። አኮርድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል። ከኋላው ያለው ወንበርም በትክክለኛው ጋድማው ታስሯል። ደስ ይበለኝ ብዬ የማጋንነው አይደለም፣ በየቀኑ የማየው ነው።

ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ይገርማል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት አኮርድ 2,830፣ ቶዮታ ካምሪ 2,825፣ ሂዩንዳይ ሶናታ 2,840 ሚሊ ሜትር ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የኋላው የእግር ቦታ ግን አኮርድ 104 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ካምሪ 97፣ ሶናታ 88 ተብሎ ተጽፏል። ረጅሙ ሶናታ እንዴት መጨረሻ ወጣ? የፊቱን እዩት፤ 117 ሴንቲሜትር ተሰጥቶታል፣ የአኮርድ 107 ነው። የፊቱንና የኋላውን ስትደምሩት ሶናታ ካምሪን እንዲያውም በትንሹ ይበልጣል። የፊት ወንበር ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር የኋላው ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ የአንዱን ረድፍ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ሁለቱን ደምሩ። በድምርም አኮርድ ይቀድማል።

እና ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲያወራኝ ምን ያደርግልኛል? 204 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ይበቃኛል። «ከፍ ያለ» የሚሉትንም አይተነዋል። ቶዮታ ራቭ4 ገዝፎ ይታያል፣ እስከ 2025 ባለው ሞዴል የኋላ የእግር ቦታው ግን 96 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቁመትና የእግር ቦታ ለየቅል ናቸው!

እርግጥ ዝቅ ማለቱ ዋጋ አለው። ጣሪያው ወደ ኋላ ተዳፋት ነው፤ ልጅቷን ሳስገባ ጎንበስ እላለሁ፣ ወገቤም ይሰማዋል። እናቴ ከኋላ ስትወርድ ጉልበቷን ይዛ ነው። ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ዘወትር ለሚያሳፍር ቤተሰብ ይሄን መኪና ግዙ አልልም።

ሌላው ደህና ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ዕቃ መጫኛው አልተነካም፣ 473 ሊትር ነው፤ የልጅ ጋሪ ከነሻንጣው ይገባል። ከተማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ነው፣ የቤንዚን ሞተሩ ሲነሳም ሥራው ጄኔሬተር ማዞር ነው። እንደ ተለመደው ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር የሚመጣ መንገጫገጭ የለም። ልጅቷ እንደተኛች እንደርሳለን።

መኪና ልትገዙ ከሆነ የልጃችሁን ወንበር ተሸክማችሁ ሂዱ። በደንብ እሰሩት። ከዚያ ከቤታችሁ ረጅሙን ሰው ከፊቱ አስቀምጡትና በሩን ዝጉ። «ወንበሩ ይቆሽሻል» ብሎ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትለማመጡት፣ ሌላ ጋ ሂዱ።