አሸዋ ብለው ውሃ ሸጡልን፦ ዛንዚባር ለምትሄዱ

ንዴቴ እስኪበርድ ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ወዲያው ብጽፈው ስድብ ብቻ ይሆን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከእህቴ ጋር ዛንዚባር ሄድን። ስቶን ታውን በሚባለው የድሮው ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ ካገኘነው ሰው የጀልባ ጉዞ ገዛን። ለሁለታችን 120 ዶላር ከፈልን። የተሸጠልን ቦታ ስንደርስ ቦታው የለም። ባሕር ውጦታል።

ቦታው ናኩፔንዳ ይባላል። በስዋሂሊ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ከስቶን ታውን ወጣ ብሎ ባሕር መሃል ብቅ የሚል ነጭ አሸዋ ነው። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው። ባሕሩ ሲጎድል ይወጣል፣ ሲሞላ ይጠፋል። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፤ ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሃሉ እንደ ዱቄት የነጣ። እህቴ ዛንዚባርን የመረጠችው ለዚህ አሸዋ ብላ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሻጩን ያገኘነው ወደቡ አጠገብ ነው። እሱ ነው ያገኘን ብል ይሻላል። እንዲህ ቱሪስት እየተከተሉ ጉዞ፣ ሆቴልና ታክሲ የሚያሻሽጡትን እዚያ «ፓፓሲ» ይሏቸዋል። ቃሉ መዥገር ማለት ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ደግሞ ሁሉም አጭበርባሪ አይደሉም። በጠባቦቹ መንገዶች ጠፍተን ስንንከራተት አንዱ እስከ ሆቴላችን በር አድርሶን፣ ምንም ሳይጠይቅ ተመልሷል።

የእኛው ሰው ግን ሌላ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ በላስቲክ የታሸጉ ፎቶዎች፣ አንገቱ ላይ ካርድ፣ ጨዋታ አዋቂ። ካርዱን ጠጋ ብዬ አላነበብኩትም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኼ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከዛንዚባር ቱሪዝም ኮሚሽን የተሰጠው መታወቂያ አለው። የእኛ ሰው ያንጠለጠለው፣ በኋላ ከእህቴ ፎቶ ላይ አጉልተን ስናየው፣ የሆነ ስብሰባ መግቢያ ባጅ ነው።

«ሁሉም ነገር ውስጡ አለ» አለን። ጀልባው፣ የዋና መነጽሩ፣ ምሳው፣ የደሴቱ መግቢያ። መጀመሪያ የኤሊዎቹ ደሴት፣ ከዚያ አሸዋው። አሸዋው ላይ ዓሣ ይጠበሳል፣ ሐብሐብ ይቆረጣል። መነሻው «ሳ ታቱ» ነው አለ፤ ሦስት ሰዓት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቀብድ ሰጥተን ቀሪውን ስንመለስ እንክፈል አልን። ፊቱ ልውጥ አለ። ነዳጅ አሁን መገዛት አለበት፣ ዓሣው ማታ ካልተያዘ ነገ አይገኝም፣ ሌሎች ሰዎች ቦታውን ሊወስዱት ነው። እህቴ በእግሯ ነካ አደረገችኝ። እኔ ግን ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው ከደብተር ቀደደና «120 ተከፍሏል» ብሎ ጻፈልኝ። የድርጅት ስም የለም። የጀልባ ስም የለም። የመነሻ ሰዓትም የለም። ያኔ የቆጨኝ የድርጅቱ ስም ነበር። ለካ ዋናው ሰዓቱ ነበር።

በማግስቱ ሳይረፍድብን 3 ሰዓት ተገኘን። «ፖሌ ፖሌ»፣ ቀስ በሉ፣ ጀልባው እየመጣ ነው። 4 ሰዓት ሆነ። 5 ሰዓት ሆነ። ሻጩ ጠፋ፤ በምትኩ ስልክ የሚነካካ ልጅ ቆመ። ጀልባው ብቅ ያለው 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ለእናንተ ብቻ ነው የተባልነው ጉዞ 14 ሰው ሆነን ተነሳን። ወለሉ ላይ እርጥብ አሸዋና የሐብሐብ ልጣጭ ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን ገብቶኛል። ጀልባው ጠዋት ሌሎች ሰዎችን አሸዋው ላይ አድርሶ መምጣቱ ነው። እኛ ሁለተኛው ዙር ነን። አንድ ጀልባ፣ ሁለት ጊዜ ይሸጣል። የመጀመሪያው ዙር አሸዋ ያገኛል፣ ሁለተኛው እንደ ዕድሉ።

ላይፍ ጃኬት ቆጠርኩ፤ 9። ለ14 ሰው። አንድ አዛውንት ሲጠይቁ ካፒቴኑ ሳቀ። ይኼ የሚያስቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ደሴት የሚሄድ መርከብ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ሰጥሞ እጅግ ብዙ ሰው አልቋል። በዓመቱ ከዳሬሰላም የተነሳ ሌላ መርከብ እዚያው ዛንዚባር አጠገብ ሰጥሟል። ትንሽ ጀልባ ሌላ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። እኛ ተሳፈርን። ጥፋት ቁጥር ስንት እንደሆነ እንጃ።

የኤሊዎቹን ደሴት አላማም። ቻንጉ ይባላል፤ የእስር ቤት ደሴት የሚሉትም እሱን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞች ለእስር ቤት ብለው ሠሩት፤ ግን በሽታ እንዳይዛመት መንገደኞችን ለይተው የሚያቆዩበት ሆነ። ግዙፎቹ ኤሊዎች ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት ዘሮች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1919። መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። እህቴ አንዱን ቅጠል ስታበላ ፊቷን ብታዩት! ችግሩ በሩ ላይ ነው። መግቢያ ክፈሉ ተባልን። «ሁሉም ውስጡ አለ» የተባለው ነገር ውስጡ አልነበረም። ካፒቴኑ «እኔ የማውቀው ጀልባውን ብቻ ነው» አለ። ምን ታደርጋለህ፣ ደሴት ላይ ነህ። ከፈልን።

ወደ አሸዋው ስንዞር 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። ነፋሱም ጠንክሯል። ጀልባው ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። ካፒቴኑ ወደ ውሃው አመለከተ። «ናኩፔንዳ» አለ። አየን። ከሥር ነጣ ብሎ ይታያል። ሌላው ሁሉ ውሃ ነው። ከፈለጋችሁ ውረዱና ቁሙበት አለን። አንድ ልጅ ዘሎ ገባ፤ ውሃው ደረቱ ደረሰ። ምሳችንን እዚያው ጀልባው ላይ እየተንገላታን በላን፤ የቀዘቀዘ ሩዝና ለሰው አንድ አንድ ቁራጭ ዓሣ። እህቴ «እወድሃለሁ ብሎ የማይገኝ አይቼ አላውቅም» አለች። ሳቅን፤ ምን እናድርግ።

ጀልባው ላይ ዋጋ ተጠያየቅን። አንድ ጥንዶች በነፍስ ወከፍ 35 ዶላር ከፍለዋል። እኛ 60። አዛውንቱ 80፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ተብለው። አንድ ጀልባ፣ አንድ ሩዝ።

ሻጩን በማግስቱ ያው ቦታ አገኘሁት። አልሸሸም፣ እንዲያውም አቀፈኝ። ገንዘቤን ስለው ሦስት መልስ ሰጠኝ። አንደኛ፣ ባሕር የእግዚአብሔር ነው። ሁለተኛ፣ በቅናሽ ዶልፊን ያሳየናል። ሦስተኛው ነው ያሳቀኝ። «ሰዓቱ ተምታቶባችሁ ነው» አለ። የስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው፣ ቱሪስት ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ እኔ ምን ላድርግ። ወንድሜ፣ እኛም እኮ እንደዚያው ነው የምንቆጥረው! ሳ ታቱ ሦስት ሰዓት ናት፣ ቃሏም ሰዓትን ትመስላለች። ፈረንጅ ላይ የሚሠራው ማመካኛ አማርኛ ተናጋሪ ላይ ደርሶ ቆመ። ገንዘቡን ግን አልመለሰም።

አሁን ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ ውሃው 4 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። በእነዚያ ቀናት ባሕሩ የሚጎድለው ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ የሚሞላው ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። እኛ የሄድነው ሙሉ ጨረቃ በወጣች ማግስት ነው። ማለትም ጠዋት ብንሄድ ኖሮ አሸዋው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይጠብቀን ነበር። በ9 ሰዓት ተኩል ግን ማንም ምንም ቢያደርግ አይገኝም። ይህንን እዚያ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል። ሻጩም ያውቃል። ማጭበርበር የምለው ዋጋውን አይደለም፤ በዚያ ሰዓት እንደማይኖር እያወቁ መሸጣቸውን ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ በነጻ ይገኛል። ስልክ ባይኖር ዓሣ አጥማጅ ጠይቁ፣ ሰማዩን አይቶ ይነግራችኋል። ከዚያ ሻጩን «ስንት ሰዓት አሸዋው ላይ እንሆናለን?» በሉት። ስንት ሰዓት እንነሳለን አይደለም፤ መድረሻው ነው ቁም ነገሩ። መልሱን ወረቀት ላይ ያስፍር። ካላሰፈረ ደህና ሁን።

ይኸው የባሕር ጉዳይ ሆቴል ላይም አለ። ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሴቶች የባሕር ሣር የሚያለሙበት ሜዳ ነው የሚሆነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ለመዋኘት ግን አይሆንም፣ እሾሃም የባሕር እንስሳም እግር ይወጋል። የሆቴሎቹ ፎቶ ግን ሁሌ የሞላ ባሕር ነው። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ለሚፈልግ ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ይሻላል።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። ምኔምባ ደሴት ላይ ወርዳችሁ ምሳ ትበላላችሁ ካሏችሁ ውሸት ነው። ደሴቱ የግል ማረፊያ ነው፣ እንግዳው ካልሆናችሁ አትወርዱም። ዙሪያው ያለውን ኮራል ግን የጥበቃ ክፍያ ከፍሎ ማንም ይዋኝበታል። ኪዚምካዚ መንደር ላይ «ዶልፊን በዋስትና» የሚላችሁን አትመኑ። የዱር እንስሳ ዋስ የለውም። ዋስትናው የሚመጣው ጀልባዎቹ እንስሳቱን እያሳደዱ ሲከቧቸው ነው፤ አይቼው ሆዴ ባባ። ቅመም ግዙ፤ ቅርንፉዱና ቀረፋው የደሴቲቱ ነው። በርካሽ የሚሸጠውን ሳፍሮን ግን ተዉት፣ እዚያ አይበቅልም።

አንድ ነገር ደግሞ በተቃራኒው። ኢንሹራንስ ካልገዛችሁ አትገቡም ሲሉን ይኼም ማጭበርበሪያ ነው ብለን ተከራክረን ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን መግዛት ግዴታው ነው። ሲጀመር ለአዋቂ 44 ዶላር ነበር። ከሌላ አገር ይዛችሁ የመጣችሁት አይተካውም። ራሳችሁ በመንግሥት ድረ ገጽ ክፈሉ፣ ለደላላ አትስጡ። እውነተኛውን ተጠራጥረን ሐሰተኛውን አመንን፤ እህቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሄድን። አሁን በቀጥታ ከጀልባ ባለቤት ጋር ነው። ጥቂት ቀብድ፣ ቀሪው ስንመለስ። ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው፤ የምንሄድበትን ቀን ነገርነው፣ ጣቱን ቆጠረና «ሳ ታቱ፣ መጀመሪያ አሸዋው» አለ። በ3 ሰዓት ተነሳን። ስንደርስ አሸዋው እንደ ጀርባ ብቅ ብሏል። ቁጭ ብለን እያየነው ሰፋ። እህቴ አንድም ፎቶ ሳታነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛችበት።

7 ሰዓት ላይ ወደ ባሕሩ ዳር ስንመለስ ነጭ ሸሚዙ ቆሟል። አንድ ቤተሰብ አሰልፎ ጀልባ እያስጠበቀ ነው። እህቴ በቀጥታ ወደ እናትየዋ ሄደች። ዛሬ ባሕሩ የሚሞላው 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ መጀመሪያ አሸዋው ጋ ውሰደን በሉት፣ ኤሊዎቹ የትም አይሄዱም አለቻት። እሱ ወደ እኛ አየና ወደ ውሃው ዞረ። ሴትየዋ በደንብ ሰማቻት። አመሰገነቻት። ከዚያ የልጇን ኮፍያ አስተካከለችና «ግድ የለም፣ ከፍለናል» አለች።