ቁልፉን ለሰጡኝ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ፤ ኖርዝ ካሮላይና ያላችሁ አንብቡት

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስራ፣ ልጆች፣ እንቅልፍ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ዛሬ ልጆቹ በጊዜ ተኝተውልኛል፣ የሌሊት ስራም የለኝም። ሳልጽፍ አላድርም።

ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዊልስ ፎር ሆፕ የሚባል የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። በፈረንጆቹ 2000 ራሌይ ከተማ ላይ ነው የተጀመረው፤ እዚህ ግሪንስቦሮም ጋራዥ አለው። ሰው የማይጠቀምበትን መኪና ይለግሳቸዋል። እነሱ ይጠግኑትና መኪና ለሌለው ሰራተኛ ሰው ያስረክባሉ። ከተረከቡት አንዷ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እጃቸው አይንጠፍ። ይህን እስከ መጨረሻው ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ እያለሁ የታክሲ ሰልፍ ያማርረኝ ነበር። ግሪንስቦሮ ስመጣ ሰልፉም ናፈቀኝ። ሰልፍ ካለ መጨረሻው ላይ ታክሲ አለ። እዚህ አውቶቡስ የለም አልልም። ግን የምሰራው ሌላ ከተማ፣ ሃይ ፖይንት ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ። በኡበር ልመላለስ ካልኩ ከደሞዜ ለቤት ኪራይ የሚተርፍ የለም። የስራ ባልደረቦቼ ይወስዱኝ ነበር፣ ይባረኩ። ግን ሰው ሲሰለች ያስታውቃል። አፉ "ችግር የለም" ይላል፣ ፊቱ ሌላ ይላል። ልጅ ዴይኬር ለማድረስ ደጅ መጥናት፣ የሐኪም ቀጠሮ ሲኖር ደጅ መጥናት። አስቤዛ እንኳ የሚገዛው ሌላ ሰው ሲመቸው ነው።

ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። እቁብ ሲደርሰኝ ቀጥ ብዬ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። "ክሬዲት የለዎትም? ችግር የለም!" የሚል ትልቅ ባነር ሰቅሏል። የእቁቡ ብር ቅድመ ክፍያ ሆነ፣ የቀረው በየሳምንቱ የሚከፈል። ሻጩ ሲበዛ ሳቂታ ነው። ሲያስፈርመኝ ወረቀቱን የሚገለብጥበት ፍጥነት የባንክ ብር ቆጣሪ ማሽን ያስንቃል። ወለዱ ስንት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ አንድ የማውቀው ልጅ ውሉን ቁጭ ብሎ ሲያነብልኝ ነው። "እህት፣ ይሄን መኪና ሁለት ጊዜ ነው የምትገዢው" አለኝ።

ይባስ ብሎ ክፍያ ሲዘገይ ከሩቅ ሆነው መኪናውን እንዳይነሳ የሚያደርጉበት መሳሪያ ውስጡ ተገጥሟል። አንድ ጠዋት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር፣ ጸጥ። ደሞዝ የሚገባው በማግስቱ ነበር። ደወልኩ። ያ ሳቂታ ሰውዬ ያን ቀን አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ ካምቢዮው ጉድ አፈላ። ኢንተርስቴት 40 ላይ፣ ተሳቢዎች ግራና ቀኝ እያለፉኝ፣ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ከመንገዱ ዳር እስክወጣ የጠራሁትን ታቦት እኔ ነኝ የማውቀው። የሸጡልኝ ሰዎች "እንዳለ ነው የገዛሽው፣ ፊርማሽ አለ" ብለው ዘጉኝ።

የሀገሬ ልጅ ነው፣ ችግሬን በአማርኛ አስረዳዋለሁ ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። "እህቴ አታስቢ፣ ለአንቺማ በወገን ዋጋ" አለኝ። የወገን ዋጋው ከፈረንጁ በለጠ። ብሬን ተቀበለ፣ ነገ ተመለሺ እያለ አመላለሰኝ፣ መኪናው በዚያው ጩኸቱ ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። በዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ደግሞ ጉንጬን ስሞ "መኪናዋ እንዴት ሆነች?" አይለኝም? ለእግዜር ሰጠሁት። መኪናውን በመጨረሻ ሻጮቹ መጥተው ጎትተው ወሰዱት። የእቁቡን ብር ውሃ በላው።

ሆዴ እንዲህ ቆስሎ እያለ ነው ኬዝ ወርከሬ፣ ጉዳዬን የምትከታተለው ሰራተኛ፣ ስለ ዊልስ ፎር ሆፕ የነገረችኝ። "መኪና በ500 ዶላር" ስትለኝ፣ ሌላ ሳቂታ መጣ ብዬ በልቤ ተሳለቅሁ። እሷ ግን አልለቀቀችኝም። ቅጹን አብራኝ ሞላች፣ ደወለች፣ ደግማ ደወለች። እሷንም እግዜር ይስጣት።

አሰራራቸው እንዲህ ነው። ከመንገድ ተነስቶ ሄዶ "መኪና ስጡኝ" አይባልም። አብረዋቸው የሚሰሩ የእርዳታ ድርጅቶች አሉ፤ የሚልካችሁ የሚያውቃችሁ ድርጅት ነው። መንጃ ፈቃድ ሊኖራችሁ፣ ኢንሹራንስ ልትገቡ ይገባል። ገቢና ወጪያችሁም ይታያል። መጀመሪያ ይሄ አናዶኝ ነበር፣ የኪሴን ምን አገባቸው ብዬ። በኋላ ስገዛ ነዳጅና ኢንሹራንሱን እችለው እንደሆነ ማንም ያልጠየቀኝ ያ ግቢ ትዝ አለኝና ተውኩት። የሚለገሰው መኪና ሁሉ ለእኛ አይመጣም። ቤተሰብ ሊተማመንበት የሚችለው ይጠገንና ለተላኩት ይሰጣል፤ ሌላው ለማንኛውም ገዢ ይሸጥና ገንዘቡ መልሶ ለስራው ይውላል። እኔ የከፈልኩት 500 ዶላር ነው፣ ታክስና ታርጋ ለብቻው። የአሁኑን ዋጋ የሚልካችሁን ድርጅት ጠይቁ። ወለድ የለ፣ የሳምንት ክፍያ የለ፣ ከሩቅ የሚያጠፋ መሳሪያ የለ። ሊብሬው በስሜ።

ወረፋ ግን አለ፣ አልዋሽም። ዛሬ ጠይቆ ነገ የለም። መጠበቁ ዋጋ አለው።

መኪናዬ ኮሮላ ናት። ብርማ ቀለም፣ የኋላ በሯ ላይ ጭረት አላት። ምን ምን እንደተሰራላት ቁጭ አድርገው አስረድተውኛል። እንግሊዝኛውም መካኒክነቱም ተባብረው አለፉኝ። ፍሬኗ አዲስ መሆኑን ብቻ ይዣለሁ፣ እሱ በቂዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጡረታ ወጥተው እዚያ በነጻ የሚያገለግሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ መታየት የሚወዱ ሰው አይደሉም። ቁልፍ ልረከብ ስሄድ ትንሹን ልጄን በአንድ እጄ፣ መኪና ውስጥ የሚታሰረውን የልጅ መቀመጫ በሌላው ይዤ ነበር። አዩኝ። ምንም ሳይሉ መቀመጫውን ተቀብለውኝ የኋላውን በር ከፈቱ። የመኪናውን ቀበቶ በመቀመጫው ጀርባ በኩል አሳለፉ። ከዚያ ጉልበታቸውን፣ ሲቆሙም ሲቀመጡም የሚያማቸውን ያንን ጉልበት፣ መቀመጫው መሃል ላይ ተክለው ክብደታቸውን ጣሉበትና ቀበቶውን ሳቡት። በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ትንሽ ተንሸራተተ። አልወደዱትም። ፈትተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁን ሲነቀንቁት መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ መቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ተመስገን ስል መልሰው ፈቱትና ወደ እኔ ዞረው "በይ አሁን አንቺ" አሉኝ። እኔው በጉልበቴ ተጭኜ፣ እኔው ስቤ፣ እሳቸው ነቅንቀው እሺ እስኪሉ ድረስ ከአጠገቤ አልሄዱም።

ቁልፉን ሲሰጡኝ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው። መኪና የሸጠልኝም፣ "የጠገነልኝም" ሰው ልጄን ዞር ብሎ ያየው የለም። እኚህ ሰው ልጄን የማያውቁ፣ ዳግመኛም የማያዩት፣ ሽርተቴው ትንሽ ስለሆነ ይሁን ብለው አላለፉትም።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን መዘዙ፣ በጨርቅ ጠርገው የት ድረስ መሆን እንዳለበት አሳዩኝ። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች አወጡ። መኪናዋን የለገሰችው ሴትዮ ዘይት ባስቀየረች ቁጥር ያስቀመጠቻቸው ናቸው። "እንደሷ ያዣት፣ ገና ብዙ ትወስድሻለች" አሉኝ። የኔንም ደረሰኝ እዚያው ላይ እየጨመርኩ ነው። ሴትዮዋን አላውቃትም። የትም ትኑር እድሜና ጤና ይስጣት።

ከመሄዴ በፊት ጸሎት አደረጉ። ለእያንዳንዱ ተረካቢ ነው የሚያደርጉት። መኪናዋን ከበው ቆሙ፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን ጫኑባት። እንግሊዝኛው በሙሉ ባይገባኝም የልጆቼን ስም ሰማሁ። ሀገር ቤት መኪና ሲገዛ ጸበል ይረጫል፣ ዘመድ ተሰብስቦ "የበረከት ያድርግልሽ" ይላል። እዚህ ከእህቴ በቀር ዘመድ የለኝም። ያን ቀን ግን መኪናዬን ሳትመረቅ አላስወጧትም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ። "ሃይማኖትሽን ቀይሪ አላሉሽም?" አላሉኝም። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ አይተውታል። የት ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ ያለኝ የለም። እኛው እርስ በርስ ቡና እየጠጣን ከምንጠያየቀው ያነሰ ነው የጠየቁኝ፣ እውነቴን ነው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። በስልክ ስነግራት "በዚህ ዋጋ መኪና? ምን ፈልገው ነው ልጄ?" አለች። ምንም ብላት "አንድ ነገርማ አለ" ብላ ዘጋችው። የድርጅቱን ስም እስካሁን አልያዘችውም፤ "እነዚያ የመኪናዎቹ ሰዎች" ነው የምትላቸው። ግን ማታ ማታ ስትጸልይ እነሱንም ትጠራቸዋለች።

አሁን ኑሮዬ ተቃንቷል። ከፈረቃ ስወጣ ልጆቼን ቁርስ ላይ እደርስባቸዋለሁ። ትልቋን ትምህርት ቤት፣ ትንሹን ዴይኬር አድርሼ እተኛለሁ። እሁድ ቅዳሴ ሳይገባ እገኛለሁ፤ ድሮ ሊወጡ ሲሉ ነበር የምደርሰው። በቅርብ በዲቪ የመጣች አንዲት ልጅ እኛው ጋ ስራ ጀምራለች፣ እሷንም እወስዳታለሁ። ቢደክመኝም ፊቴን እጠብቃለሁ።

ሌላ ስቴት ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ብቻችሁን የምትኖሩ እህቶች፣ ሃንድስ ኦፍ ዘ ካርፔንተር የሚባል ክርስቲያናዊ ድርጅት አለ፤ ስራው በመኪና ጉዳይ ያላገቡ፣ ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉና ባል የሞተባቸውን ሴቶች መርዳት ነው። ቨርሞንት በርሊንግተን ላይ ከሉተራን በጎ አድራጎት የወጣ ጉድ ኒውስ ጋራዥ አለ፣ ከ1996 ጀምሮ። ሜሪላንድ ያለው ቪሂክልስ ፎር ቼንጅ የቤተ ክርስቲያን ባይሆንም ስራው ተቀራራቢ ነው፤ ከእስር የወጡ ሰዎችንም መካኒክነት ያሰለጥናል። ሁሉም የየራሱ መስፈርት ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ። የሐበሻ ነገር፣ እርዳታ መጠየቅ ያሳፍረናል። በወለድ ከመቃጠል ቅጽ መሙላት ይሻላል እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ሂዱ፣ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ መኪና ያላችሁ ደግሞ በርካሽ ከምትጥሉት ለግሱላቸው። ለታክስ የሚሆን ደረሰኝ ይሰጧችኋል። የጥገና ደረሰኝ ካላችሁም ከውስጡ አታውጡት፣ ለሚረከበው ሰው ይጠቅማል።

ግሪንስቦሮና ሃይ ፖይንት ያላችሁ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ወይ የት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅጹን አብሬያችሁ እሞላለሁ። ቀን እተኛለሁ፤ አስር ሰዓት ላይ ልጆቼን ካመጣሁ በኋላ እመልስላችኋለሁ።