የሮም የመንገድ ዳር ቦኖዎች ለእግረኛ ጎብኚ

ሮምን በእግሩ ለሚጎበኝ ሰው ከተማዋ ከምታቀርባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ናዞኒ የሚባሉትን የመጠጥ ውሃ ቦኖዎች አስቀድማለሁ። ከንቲባ ሉዊጂ ፒያንቻኒ እ.ኤ.አ. በ1874 ማስተከል የጀመሯቸው እነዚህ የብረት ቦኖዎች ዛሬ 2,500 ያህል ሲሆኑ፣ ውሃቸው ያለ ክፍያ ለማንም የሚቀርብ፣ ለከተማዋ ቤቶች ከሚደርሰው የማይለይ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው። በፓንቴዮን ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ባለ ሦስት የዘንዶ ራስ የሆነው የቀድሞው ዓይነት አሁንም ይታያል፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ጌጥ የሌለው አንድ ቆልማማ ቱቦ ብቻ አላቸው።

ዋናው ብልሃታቸው በዚሁ ቱቦ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። እንግዳ ሰው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሊጠጣ ሲሞክር እጅጌውንና ጫማውን ያርሳል፤ የቱቦውን ጫፍ በጣቱ ሲደፍነው ግን ውሃው በቀዳዳዋ በኩል ወደ ላይ ስለሚፈናጠር፣ አፉ ብረቱን ሳይነካ፣ ኩባያም ሳይሻ ይጠጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው በጎ አድራጊ ሪቻርድ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለፓሪስ ያበረከቷቸው፣ በመልክ እጅግ የሚበልጡት ቦኖዎች በሰንሰለት የታሰረ የጋራ ኩባያ ነበራቸው፤ ኩባያው ለጤና ሲባል በ1952 እስኪነሣ ድረስም መንገደኛው ሁሉ በእርሱ ይጠጣ ነበር።

አብዛኞቹ ናዞኒ መዝጊያ ስለሌላቸው ውሃው ሌት ተቀን ይፈስሳል። ይህ ብዙ ያስተቻቸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በደረሰው ድርቅ በርካቶቹ እንዲዘጉ ተደርጎ ነበር። ትችቱ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ከተማዋ በአረጁ የመሬት ውስጥ ቧንቧዎች የምታጣው ውሃ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ቁጠባው ከቦኖዎቹ መጀመሩ ትክክል አይመስለኝም። ደግሞም በበጋ ቀትር ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኘው በቧንቧው ውስጥ ቆሞ ስለማይውል ነው።

ጣዕሙን በተመለከተ፣ ውሃው በአብዛኛው ከኖራ ድንጋይ ተራሮች ሥር ስለሚመነጭ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማዕድን ያነሰበት ውሃ የለመደ ሰው ከበድ ሊለው ይችላል። ጠርሙስ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ሆኖም «አኳ ኖን ፖታቢሌ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ማንኛውም ምንጭ መቅዳት አይገባም፤ ውሃው ለመጠጥ አይሆንምና።